የመቶ አንደኛው ረድፍ

በእልፍዮን ምድር የክረምቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ጆሮውን ወደ ቅጥሩ ያቀናል። በዚያ ዓመትም ነጎድጓዱ አጉረመረመ፤ ሕዝቡም ጆሮውን አቀና፤ ከአበው ዘመን ጀምሮ ያልተሰማ ድምፅም ተሰማ። ቅጥሩ ተከፈለ።

ሸንሻኙን ለማያውቅ ማስረዳት ይገባል። ይህ አውሬ ጥርስም ጥፍርም የለውም፤ እጆቹ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከነጎድጓድ ደመና ጋር ይመጣና በመብረቅ ብርሃን የወደቀውን የነገሮችን ጥላ እየሰበሰበ በእኩል በእኩል ረድፍ ይደረድራል። ያለ ቀሪ ከተከፈለለት የእርሱ ሆነ ማለት ነው፤ ድንጋይ ከሆነ ያልፈዋል፣ ነፍስ ያለው ከሆነ ይውጠዋል። አንድ ጥላ እንኳ ከተረፈ ግን ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል፤ አፍርሶ በሌላ ረድፍ ይጀምራል። ስለዚህ የእልፍዮን አበው ከተማቸውን ያጠሩት በግንብ ሳይሆን በቁጥር ነው። በዙሪያዋ ሰው የሚያህሉ ድንጋዮች አቆሙ፤ ብዛታቸውም ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይከፈል ብቸኛ ቁጥር ሆነ። አውሬው በሁለት ቢደረድር ቀሪ፣ በሦስት ቢደረድር ቀሪ፣ በሰባት ቢደረድር ቀሪ እየሆነበት፣ እንደ ተራበ ከደመናው ጋር ይመለስ ነበር።

ከተማዋ ሰፋች፤ አሮጌው ቅጥር ጠበበ፤ ከፍ ያለ ብቸኛ ቁጥር አስፈለገ። ያንን ቁጥር ፈትና የሰየመችው ዘርሚት ነበረች፤ ከፈታኞች ቤት ሁሉ በዕድሜ ታናሿ፣ በአእምሮዋ ግን አንቱ የተባለች። ቁጥሩ እልፍ ከሁለት መቶ አንድ ነበር፤ እልፍ የሚሉት አሥር ሺህን ነው። በአኃዝ ሲጻፍ 10201 ይሆናል፤ ከግራም ቢያነቡት ከቀኝም ቢያነቡት ያው ነው። ንግሥት ወራንያ ቁጥሩን በወርቅ አስቀርጻ ራሷ በእጇ በዘርሚት አንገት ላይ አጥልቃላታለች።

ፈታኞች ቁጥርን የሚፈትኑት በጠጠር ነው። የቁጥሩን ያህል ጠጠር በአዳራሹ ወለል ላይ ያፈሳሉ፤ ከዚያ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት፣ እንዲህ እያሉ በታናናሾቹ ብቸኞች ሁሉ ይደረድሩታል። በአራት መደርደር አያሻም፤ ለሁለት እንቢ ያለ ለአራትም እንቢ ነው። እስከ መጨረሻውም አይሄዱም። የረድፉ ርዝመትና የረድፎቹ ብዛት እስኪስተካከሉ መድረስ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንኑ ምንጣፍ አዙሮ ማየት ነው። ዘርሚት እስከ ዘጠና ሰባት ደርድራ አሥራ ስድስት ጠጠር ቀርቷታል። ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ የሚመጣው መቶ አንድ ነው። የቀረው ያ ብቻ ነበር። በዚያች ሰዓት ውጭ ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ የንግሥቲቱ ዣንጥላ ያዦች ደጃፉ ላይ ደረሱ፤ ዘርሚትም ብድግ ብላ «ጸንቷል!» አለች። ለራሷ የምትነግረው እንዲህ ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሸንሻኙ የሸማኔዎችን ሰፈር ውጦ በሄደ ማግስት ዘርሚት ወደ ሜዳው ወጣች። አውሬው የደረደራቸው ጥላዎች ሣሩን አቃጥለው መሬት ላይ ታትመው ነበር። አንዱን ረድፍ ቆጠረች፤ መቶ አንድ። ረድፎቹን ቆጠረች፤ መቶ አንድ። ከኋላዋ ባዶ ቤቶች ነበሩ፤ በየቤቱ ግማሽ የተሠራ ጋቢ በሸማ መሥሪያው ላይ ተወጥሮ ቀርቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የአንገቷን ወርቅ በነጠላዋ ሸፈነችው።

በችሎቱ ላይ የፈታኞቹ አለቃ ሊቀ ፈታኝ አብሴሎ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ንግሥት ሆይ! ቁጥሩ የጸና ነው፤ ዘርሚት ፈትናዋለችና። ቁጥሩ ከጸና የጎደለው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ከጎደለ የሰረቀ አለ። የሰረቀ ካለ ደግሞ በሩን የጠበቀው ነው።»

የምዕራቡን በር የሚጠብቀው ድርባይ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ጠጉሩ የሸበተው እዚያው በሩ ላይ ነው። ታስሮ ቀረበ።

«ታዲያ ድንጋዩን ለምን አንቆጥረውም?» አለ ድርባይ።

ችሎቱ አጉረመረመ። በእልፍዮን የተማለበትን ቅጥር መቁጠር ነውር ነው፤ የቆጠረ መሐላውን ተጠራጥሯል ይባላል። መኳንንቱ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ በመውጣቱ ብቻ ጥፋተኛነቱ የተረጋገጠ መሰላቸው። ዘርሚት ከዙፋኑ አጠገብ፣ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። አፏን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ በፍቅር ሲያያት መልሳ ዘጋችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው፤ አንዴ የዋሸ አፍ እውነቱን ለማውጣት ሲከፈት ያመዋል።

ንግሥቲቱ ፈረደች፦ «ሌባው ወደ ደብረ ገመና ይወሰድ! በዚያ ስርቆቱን በአፉ ይናገር፤ ተራራውም በጎደለው ድንጋይ ፈንታ ሌላ ይስጠን። ሻለቃ ሰንዳር ይጠብቀው። ቁጥሩን የሰየመች ዘርሚት መንገዱን ትምራ። ሁለተኛው ነጎድጓድ ሳያጉረመርም ተመለሱ።»

ዘርሚትም እጇን አንሥታ «በማይከፈለው እምላለሁ!» አለች። ቃሉ ምላሷ ላይ መረራት።

ደብረ ገመና የቅጥሩ ድንጋዮች ሁሉ የመጡበት ተራራ ነው። ድንጋዩ በመዶሻም በመቆፈሪያም አይነቀልም። ሰው በሌላ ሰው ፊት ቆሞ፣ ደብቆ የኖረውን የሚያሳፍረውን ነገር በእውነት ሲናገር አንድ ድንጋይ ይለቃል። ሲለቅ ቅል ያህላል፤ በቅጥሩ ውስጥ ሲተከል ግን ወደ ሰው ቁመት ያድጋል። እልፍዮንን የሚጠብቃት እንግዲህ የልጆቿ ገመና ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም ሄዶ ተናግሮ ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቷል። ቁጥሩን የሰየመ ሰው ብቻ ከዚህ ነፃ ነው።

ሦስቱ ስንቃቸውን ስድስት እግር ባለው ዘንጎ በሚሉት የጭነት እንስሳ ጭነው ወጡ። ድርባይ እጁ እንደ ታሰረ በምዕራቡ በር ሲያልፍ ሰው ከሚመስል አንድ አሮጌ ድንጋይ ፊት ቆመና «እንዴት አደሩ» አለው።

«ድንጋይ ሰላም ትላለህ?» አለ ሻለቃ ሰንዳር።

«ይህ የመጀመሪያው ዘብ ነው፣ ሻለቃ። አበው ቅጥሩን ሲያቆሙ አንድ ድንጋይ ጎደለባቸው፤ እርሱ በቦታው ቆመ፤ በዚያው ቀረ። ሰላም ሳልለው ያለፍኩበት ቀን የለም።»

ዘርሚት በመንገድ ላይ ሁለቱ ዘንጎውን ሲያጠጡ ፈንጠር ብላ መሬት ላይ ትደምርና ታካፍል ነበር። አንድ ድንጋይ ጨምሮ መመለስ ጥፋት እንደሆነ ገና ከችሎቱ ሳትወጣ ገብቷታል፤ ቁጥሩ ተጋማሽ ይሆንና ገና በሁለት ይከፈላል። መቀነስም አይቻልም፤ የተማለበት ድንጋይ አይነቀልም። እየጨመረች ፈተነች። አንዱ ለሦስት ተከፈለ፤ ሌላው ለሰባት፤ ሌላው ለአሥራ ሦስት። በመጨረሻ እልፍ ከሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ደረሰች። ይህን ጊዜ መቶ አንድንም አልዘለለችም፤ አካፈለችው፤ አሥር ቀረ። ብቸኛ ነበር! አሥር ድንጋይ ያስፈልጋል። ለማን ትናገር? ለምን አሥር ብለው ቢጠይቋትስ?

የመንታዎች ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሰንዳር ልጓሙን ያዘ። በድልድዩ ሥር ሁለት መንታ መናፍስት ይኖራሉ፤ የሚያልፈው ነፍስ ሁሉ ለሁለት እኩል ከተከፈለላቸው ግማሹን ወደ ቀኝ፣ ግማሹን ወደ ግራ ይወስዱታል፤ ዳግም አይገናኝም። «ሦስት ሰውና አንድ ዘንጎ አራት ነን። ዘንጎውን ጥለን እንሂድ» አለ ሻለቃው።

ድርባይ በታሰሩ እጆቹ ከወንዙ ዳር አንዲት ኤሊ አነሣ። «አምስት ሆንን፤ እንለፍ» አለ።

«ኤሊ ትቆጠራለች እንዴ?» አለች ዘርሚት ሳቅ ሳታስበው አምልጧት።

«እመት ዘርሚት፣ ቁጥር ማንነትሽን አይጠይቅም፤ መቆምሽን ነው እንጂ።»

መንታዎቹ ከሥር አጉረመረሙ፤ ግን አለፉ። ድርባይ «ለመመለሻችን ታስፈልገናለች» ብሎ ኤሊዋን በስልቻው ውስጥ አስቀመጣት፤ ከራሱ ስንቅም ያጎርሳት ነበር። ዘርሚት ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። ሰውየው ክፉ ቢሆን፣ ቢራገማት፣ ቢሰድባት በቀለላት።

ደብረ ገመና ጥቁርና ጸጥ ያለ ነው፤ ወፍ እንኳ አይዘምርበትም። ሻለቃ ሰንዳር ድርባይን ከገደሉ አፋፍ አቁሞ በታላቅ ድምፅ «አንተ ሌባ! ሰረቅሁ በል፤ ተራራው ይስማህ!» አለው።

«አልሰረቅሁም።»

በጦሩ ዘንግ መታው። ሽማግሌው ተንበረከከ። ደግሞ መታው። «ሰረቅሁ» አለ ድርባይ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ተራራው ግን ጠጠር እንኳ አላንቀሳቀሰም።

«አፉ ተናገረ እንጂ ልቡ አልተጸጸተም» አለ ሰንዳር። «ተራራው የናቀውን ገደሉ ይቀበለው፤ ሕጉ ይህ ነው።» ብሎም ደረቱን ያዘው።

«ተወው!» ብላ ጮኸች ዘርሚት። «አልሰረቀም። የጎደለ ድንጋይ የለም። የተከፈለው ቁጥሩ ነው፤ መቶ አንድ ጊዜ መቶ አንድ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ሳልደረድር ጸንቷል አልኩ። ነጋሪቱ አጣደፈኝ።»

ተራራው ሲጥ አለ፤ ቅል የሚያህል ድንጋይም ተንከባልሎ እግሯ ሥር ቆመ።

ዘርሚት ድርባይን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ከዚያ ሰንዳር ጦሩን ጥሎ ተቀመጠ። «ንጹሕ ሰው መታሁ» አለ፤ ሁለተኛው ድንጋይ ወረደ። ዘርሚት አሥር እንደሚያስፈልግና ለምን እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሰው ገመናውን አንዴ ማውጣት ከጀመረ ማቆሙም ይከብደዋል። ሰንዳር ጀግንነቱን የሚያወድሰውን ዘፈን ለአዝማሪ ከፍሎ ያስገጠመው ራሱ እንደሆነ ተናገረ። ድርባይ ልጁን ሲድር ለአማቶቹ «ሻለቃ ነኝ» ብሎ እንደነበር ሲናገር ሰንዳር ዕንባ እስኪወጣው ሳቀ፤ ድንጋዩም ወረደ። ድርባይ ደግሞ ቀጠለ፦ «ቅድም ሰረቅሁ ያልኩት ዱላውን ፈርቼ ነው። በራሴ ላይ መዋሸቴ አሳፍሮኛል።» ሌላ ድንጋይ ወረደ። ዘርሚትም ያላትን ሁሉ አወጣች፤ በጓደኛዋ መቅናቷን፣ በእናቷ የገጠር አነጋገር ማፈሯን፣ በችሎቱ ፊት ዝም ማለቷን። ሰንዳርና ድርባይም አንዳንድ ጨምረው አሥሩ ሞሉ። ሰንዳር የድርባይን እስራት ፈታ፤ ከዚያ ጀምሮም «አንቱ» ይለው ጀመር።

ከተማዋ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሕዝቡ በምዕራቡ በር ተሰብስቦ ድርባይን ሲያይ ጭቃ ወረወረበት። ንግሥት ወራንያ ከአጀቧ ጋር ቆማለች። ሊቀ ፈታኝ አብሴሎ ጭነቱን አይቶ «አሥር? በተማለበት ቅጥር ላይ አሥር መጨመር ክህደት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ዘርሚት ወርቁን ከአንገቷ አውልቃ በንግሥቲቱ እግር ሥር አኖረችው። «ንግሥት ሆይ! እናንተም የእልፍዮን ሰዎች ስሙኝ! የሰየምኩት ቁጥር ብቸኛ አይደለም። ሸማኔዎቹን ያስበላኋቸው እኔ ነኝ። ይህ ሰው ንጹሕ ነው፤ ጭቃው ለእኔ ይገባል። ቅጡኝ፤ ግን መጀመሪያ አሥሩን ትከሉ።»

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት፣ ከተዋጠው ሰፈር የተረፈች የሸማኔ ሚስት፣ ማልቀስ ጀመረች። ነጎድጓዱ አጉረመረመ። ንግሥቲቱ ፊቷን ወደ ሰማይ አንሥታ «ትከሉ!» አለች።

ድንጋዮቹ መሬት ሲነኩ አንድ በአንድ ወደ ሰው ቁመት አደጉ። የመጨረሻውን፣ በተራራው መጀመሪያ የወረደላትን ድንጋይ፣ ዘርሚት ራሷ ተከለችው። ማደግ ጀመረ፤ ወገቧ ላይ ደረሰ። ከዚያ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ባዶ ነበር፤ ፈርሶም አቧራ ሆነ።

ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። ለምን እንደፈረሰ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ነጋሪቱ አላጣደፈኝም» አለች። ድምፅዋ ከራሷ የመጣ አልመሰላትም። «ያን ረድፍ ደርድሬዋለሁ። ነጋሪቱ ሳይመታ ገና ከግማሽ በላይ ደርድሬው ነበር። ያለ ቀሪ ሊገጥም እንደሆነ ዓይኔ አየ፤ እጄ ጠጠሩን በተነው። ቁጥሩ ውብ ነበር። ወርቁን ፈለግሁት። አውቄ ነው… አውቄ ነው ያደረግሁት።»

ቢያንስ ለተራራው ይህን ብትናገር ኖሮ ድንጋዩ ይጸና ነበር። በዚያ፣ በተራራው ላይ እንኳ፣ ከኀፍረቷ ትልቁን አስቀርታ ትንሹን ሰጥታ ነበር። አሁን ተራራው ሩቅ ነው። ቅጥሩ አንድ ጎድሎታል፤ ያለ አንዱ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። የደመናው ጠርዝ ላይ የሸንሻኙ እጆች ታዩ።

ዘርሚት ወደ ባዶው ቦታ ሮጠች። አንድ እጅ ክንዷን ያዘ።

«ወዴት ነሽ ልጄ?» አለ ድርባይ።

«ጋሽ ድርባይ፣ ይልቀቁኝ! ቦታው የእኔ ነው!»

«ነገ ከተማዋ ስትሰፋ ሌላ ቁጥር የሚፈትን ያስፈልጋል። ካንቺ የበለጠ ጠንቅቆ የሚፈትን አሁን የት ይገኛል?»

«እርስዎ ምን አጠፉ? ምንም አላጠፉም እኮ!»

«እኔ ዘበኛ ነኝ፤ መቆም ሥራዬ ነው።» ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ በእጇ ላይ አኖረ። ውስጡ ኤሊዋ ተንቀሳቀሰች። «እሷን አደራ» አለና ፊቱ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ወደ ባዶው ቦታ ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መብረቅ በራ። ሸንሻኙ ጥላዎቹን ሰበሰበ፤ የድርባይ ጥላም ከድንጋዮቹ ጋር ተሰበሰበ። በሁለት ደረደረ፤ ቀሪ። በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት፤ ቀሪ። መብረቁ በበራ ቁጥር ሜዳው አዲስ ረድፍ ይሞላዋል፤ ወዲያው ይፈርሳል። ዘርሚት በጉልበቷ ወድቃ፣ ስልቻውን አቅፋ፣ ከአውሬው ጋር አብራ ታካፍል ነበር። ዘጠና ሰባት ላይ ደረሰ፤ ሃያ ስድስት ቀረ። ከዚያ መቶ አንድን ጀመረ። ይህን ያውቀዋል፤ ባለፈው የበላበት ረድፍ ነው፤ እጆቹ በጉጉት ፈጠኑ። መቶ አንድ ረድፍ ሞላ። ከዳር አሥር ጥላዎች ቀሩ፤ ዘጠኙ የድንጋይ፣ አንዱ የሰው።

ሸንሻኙ ታነቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ምንጣፉን አዙሮ ማየት እንደሆነ እርሱም ያውቃል። ጩኸቱ ከተማዋን አናወጠ፤ እጆቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ተቆራረጡ፤ ደመናውም ተበተነ። በየክረምቱ ነጎድጓድ ዛሬም አለ፤ ሸንሻኙን ግን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ሕዝቡ እልል አለ። ሰንዳር ሮጦ ወደ ድርባይ ሄደ፤ ትከሻውንም ነካው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ጭቃ አብሮት ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ዘርሚትን ማንም አልቀጣትም። ንግሥቲቱ ስለ ድሉ ማረቻት፤ ይህም ከጅራፍ የባሰ ሆነባት። ያቺ የሸማኔ ሚስት ግን ደጃፏ ድረስ መጥታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አይታት ሄደች። ዘርሚት ከዚያ በኋላ ያለ ወርቅ ቁጥር ስትፈትን ኖረች። በፈታኞች ቤትም አዲስ ወግ ቆመ፤ የረድፉ ርዝመትና የረድፎቹ ብዛት የሚስተካከሉበት ጠርዝ ላይ ከደረሱ በኋላ አንድ ረድፍ ጨምረው ይደረድራሉ፤ ለሒሳቡ ባያስፈልግም ይደረድሩታል። ስሙ የድርባይ ረድፍ ነው። አዳዲሶቹ ፈታኞች ድርባይ የተባለ ታላቅ ሊቅ የነበረ ይመስላቸዋል። እርሷ ግን ታርማቸዋለች፤ ማን እንደነበረ፣ ለምንና በማን ጥፋት እንደቆመ፣ አንድም ሳታስቀር ትነግራቸዋለች።

በየማለዳውም ወደ ምዕራቡ በር ትወርዳለች። ለኤሊዋ ቅጠል ትጥልላታለች፤ ኤሊዋ ከድንጋዩ ሥር ርቃ ሄዳ አታውቅም። «እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ድርባይ?» ትላለች። ጠጉሯ እስኪሸብት ድረስ እንዲህ አለች፤ አንድ ቀንም ቀና ብላ ፊቱን አላየችም።